ሰፊ ውይይት ተደርጓል

የኔታ ጥሩሰው ማረፋቸውን የነገረችኝ በእኔ ቦታ የተተካችው ጸሐፊ ናት። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም። «የኔታ ዐረፉ፤ ቀብራቸው ነገ አምስት ሰዓት ነው። አፈ ጉባኤው የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊው ብለዋል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ። እኔ አሁን የምኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ ባለቤቴ እዚያ ያስተምራል። በማግሥቱ በአምስት ሰዓት የሚያደርስ መኪና አልነበረም። ግማሽ ገጹን ጽፌ ላክሁ፤ የት እንደ ተወለዱ፣ የት እንደ ተማሩ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገሉ፣ ስንት ልጅ እንዳፈሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ለለቅሶ በሦስተኛው ቀን ስደርስ ሰው ሁሉ «ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል» አለኝ።

የሚከተለው በግማሽ ገጹ ያልገባው ነው።

ከተማዋን በስሟ አልጠራትም። ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ብዙም የማትርቅ፣ አንድ አስፋልት፣ አንድ መናኸሪያና አንድ የከብት ገበያ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ብትሆንም የከተማ ምክር ቤት አላት። ምክር ቤቱ የባጃጅ ተራ የት ይሁን፣ የውኃ ፈረቃ ለየትኛው ቀበሌ በየትኛው ቀን ይድረስ፣ ቄራው በየት በኩል ይታጠር፣ በገበያ ቀን ሰው የሚነክሱት ውሾች ምን ይደረጉ፣ እንዲህ ያለውን ይወስናል። እኔ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዡ የኔታ ጥሩሰው ነበሩ። እሳቸው በእጃቸው በትልቁ መዝገብ ይጽፋሉ፤ እኔ ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ።

«የኔታ» ይባሉ እንጂ ተማሪ አልነበራቸውም። በልጅነታቸው እዚያው ጋይንት ወዳለው የድጓ ማስመስከሪያ፣ ቤተ ልሔም፣ ሄደው ብዙ ዓመት ድጓ ተምረዋል። ሊመረቁ ሲቃረቡ ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ተዘጋ። ከተሻላቸው በኋላ የወጣው ድምፅ ለዜማ የሚሆን አልነበረም፤ ሸካራ ሹክሹክታ ነበር። ድምፅ የሌለው የድጓ ሰው መቅደስ ቆሞ ምን ያደርጋል? ዘመናዊውን ትምህርት ዘግይተው ጀመሩና የመንግሥት ሥራ ገቡ። መጠሪያው ግን ከቤተ ልሔም ተከትሏቸው መጣ።

«እዚያ አንዲት የዜማ ምልክት የሳተ ተማሪ፣ የሳታትን ብቻ አርሞ አያልፍም» ብለው ነግረውኛል። «ከመጀመሪያው ጀምር ይባላል። እኔ አንዱን ክፍል ስድስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ።» ይህን ሲሉ ምሬትም ኩራትም አይታይባቸውም። የአየሩን ሁኔታ የሚነግሩኝ ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ የተየብሁትን ቃለ ጉባኤ ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡና አንዲት ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ሕግ» የሚለውን በሃሌታው «ሀ» ጽፌው ኖሯል።

«ልጄ፣ ይህ ሕግ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የኔታ?»

«እኔ አላውቅም። የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። በአራተኛው ፈረሙ።

አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት ይለብሳሉ፤ ብርዱ ሲጠና ከላዩ ጋቢ ይደርቡበታል። ጉባኤ ሲኖር ከሁሉም ቀድመው ገብተው ከአፈ ጉባኤው በስተግራ ይቀመጣሉ። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ስለማይሰማ አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ማለት ነበረበት። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ እየደበደቡ ያላመጡትን ጸጥታ የኔታ አፋቸውን በመክፈት ብቻ ያመጡት ነበር።

የአጻጻፋቸው ሕግ አንድ ነው፤ «የተባለው ይጻፋል፤ የታሰበው ከባለቤቱ ጋር ይቀመጣል» ይላሉ። አንድ ጊዜ ንግግር የሚወዱ አንድ አባል ስለ ውኃ ፈረቃ ሊናገሩ ተነሥተው ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ተናገሩ። በሚቀጥለው ጉባኤ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የእሳቸው ድርሻ አንድ መስመር ሆኖ ተገኘ፤ «ውኃ ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ አሳስበዋል።»

ሰውየው ተቆጡ። «ያን ሁሉ ተናግሬ ይህ ብቻ?»

የኔታ ብዕራቸውን አነሡ። «የቀረ ካለ አሁን እጨምራለሁ። ከዚህ ሌላ ምን አሉ?»

ሰውየው አሰቡ። አዳራሹም አብሯቸው አሰበ። «በቃ፣ ይለፍ» ብለው ተቀመጡ።

ድምፅ ሲሰጥም ቆመው እጅ የሚቆጥሩት ራሳቸው ነበሩ። አንድ ሽማግሌ አባል ድምፅ ሲሰጥ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አፈ ጉባኤው «ተአቅቦ ብለው ይያዙልን» አሉ። የኔታም «ተአቅቦ ማለት ነቅቶ መታቀብ ነው» ብለው «አንድ አባል አልሰሙም» ሲሉ ጻፉ። ሽማግሌው ኋላ ሲነበብ ሰሙና ከማንም ይልቅ እሳቸው ሳቁ።

ከሁሉ የሚጠሉት አንድ ሐረግ ነበር፤ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚለውን። በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሞልቶ የፈሰሰ ሐረግ ነው። እኔም አንድ ቀን ረጅም ክርክር ለማሳጠር ከራሴ አስገብቼው ነበር። «ይህ አለማዳመጥን መሸፈኛ ነው» ብለው ሰረዙብኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ከከተማዋ በላይ ካለው ተራራ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይወርዳል። የሚወርድበት ቦይ ጠባብ ነው፤ በዳርና ዳሩ ሰባት አባወራ ቤት ሠርቶ ይኖራል። አንድ ዓመት በመጋቢት በተደረገ መደበኛ ጉባኤ ቦዩን ለማስፋት ሰዎቹ ይነሡ የሚል አጀንዳ ቀረበ። የሰባቱ ቤቶች ቀበሌ ተወካይ ወይዘሮ እንዬ ነበሩ። ወይዘሮ እንዬ ገበያው ዳር በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ምላሳቸው እንደሚሸጡት በርበሬ የሚያቃጥል ሴት ናቸው። ተነሡና የሚነሡት ሰዎች ምትክ ቦታ የት እንደሚሰጣቸው ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ከንቲባ፣ «ከበላይ የመጣ ዕቅድ ነው፤ እኛ ማስፈጸም ነው» ብለው መለሱ።

ወይዘሮ እንዬ በዚህ ጊዜ ተቆጡ።

«አንተ ከንቲባ አይደለህም! የወፍጮ ቤት አህያ ነህ! የጫኑህን ሁሉ ይዘህ የምትሄድ!»

አዳራሹ ደነገጠ። ከንቲባው ፊታቸው ቀላ። ግን ክፉ ሰው አልነበሩምና፣ «እሺ፣ አህያም ልሁን፤ አህያውም ቃሉን ይሰጣል። ምትክ ቦታ ሳይሰጥ ከእነዚያ ቤቶች አንድ ቆርቆሮ አይነሣም» አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ ጉባኤውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ እንዬ ቢሯችን መጡ። የትናንቱ ቁጣ ከፊታቸው ጠፍቷል። ልጃቸው በከተማው ጤና ጣቢያ በኮንትራት ትሠራ ነበር፤ ቋሚ የምትሆንበት ደብዳቤ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«አንቱ የኔታ፣ እግርዎን ልሳም፤ ያችን የአህያ ነገር አይጻፏት» አሉ። «እሱ ይረሳታል። ከተጻፈች ግን መዝገቡ በተገለጠ ቁጥር ትነበባለች። ሌላ የሚመጣውም ያነባታል። ልጄ በእኔ አፍ ምክንያት እንጀራዋን ትጣ?»

የኔታ መዝገቡን ከደኑ። ከዚያ «ሂጂ፤ አይዞሽ» አሏቸው።

ቃለ ጉባኤውን ለመገልበጥ መዝገቡን ስከፍት ሦስተኛው አጀንዳ ሥር ያ የሚጠሉት ሐረግ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው ተቀምጧል፤ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል።» ከዚያ በታች «ቦዩ እንዲሰፋ ተወስኗል»። የከንቲባው ቃል የለም። የሚጀምረው «አህያም ልሁን» ብሎ ስለሆነ ስድቡ ሲወጣ እሱም አብሮ መውጣት ነበረበት። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። እንዳለ ተየብሁት። በሚቀጥለው ጉባኤ ተነበበ፤ ማንንም ቅር አላለውም። ወይዘሮ እንዬ እፎይ አሉ፤ ከንቲባውም አህያ መባላቸው ባለመጻፉ የተከፉ አልመሰለኝም። ልጅቱ ቋሚ ሆነች፤ ቆይታም ወደ ስማዳ ተዛወረች።

ቦዩ ግን አልሰፋም፤ ሥራው ሁለት ክረምት ቆየ። በዚህ መካከል ከንቲባው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩና አዲስ ከንቲባ መጡ። አዲሱ ወጣት፣ የተማሩ፣ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ቃል በአፍ ሲነገር አይሰሙም፤ ወረቀት ነው የሚሰሙት። የቦዩ ሥራ እንደ ተፈቀደ ለሰባቱ ቤቶች በዐሥራ አምስት ቀን እንዲነሡ ደብዳቤ ጻፉ። ሰዎቹ ተሰብስበው መጡ፤ ሕፃን ያዘሉ ሁለት ሴቶችም ነበሩባቸው።

«ምትክ ቦታ ሳይሰጣችሁ አትነሡም ተብለናል፤ በጉባኤ ፊት ነው የተባልነው» አሉ።

ከንቲባው በትዕግሥት አዳመጧቸው። «ከተባለ ተጽፏል። ከተጻፈ አከብራለሁ። መዝገቡ ይምጣ» አሉ። መዝገቡን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። የኔታም ከኋላዬ ገቡ። ከንቲባው ገጹን አገኙና ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሰፊ ውይይት ተደርጓል፤ ቦዩ እንዲሰፋ ተወስኗል። መዝገቡን ዘጉት።

«እነሆ፣ የለም። ይህን የጻፉት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ የኔታ ናቸው። እሳቸው ያልጻፉት አልተባለም ማለት ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሰዎቹ ወደ የኔታ ዞሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሸማኔ፣ «እውነት ነው፤ እሳቸው አይሳሳቱም። እኛ ይሆናል የተሳሳትን» አለ። እየተጠራጠሩ አንድ በአንድ ወጡ። የኔታ በቆሙበት ቀሩ። መልካቸውን ልገልጸው አልችልም፤ እጃቸው ግን የኮታቸውን ቁልፍ እየፈታ መልሶ ይቆልፍ ነበር።

ቢሯችን ስንመለስ በሩን ዘጋሁና የማልኮራበትን ነገር ተናገርሁ። ፊርማዎቹ ያሉት በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነበር፤ ከኮምፒውተሩ መካከለኛውን ገጽ አርሜ ባወጣው ማንም አያውቅም። መዝገቡም ላይ ከሐረጉ ቀጥሎ ባዶ መስመር አለ፤ በዚያው ቀለም ሊሞላ ይችላል።

«የኔታ፣ እውነቱን ነው የምንጽፈው። ውሸት አንጨምርም» አልሁ።

ተቀመጡ። ሲመልሱልኝ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያኔም የጀመርሁት እንዲህ በርኅራኄ ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ወደ ወይዘሮ እንዬ ሱቅ ሄድሁ። የኔታ ነገሩን ሊያስረዱ ሲጀምሩ በርበሬው አስነጠሳቸው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ አራት ጊዜ አስነጠሱ። ወይዘሮ እንዬ ከበርጩማቸው ተነሥተው ውጭ አወጧቸው፤ ደጃፉ ላይ ቆመን ተነጋገርን።

«አንቺን ሳላስፈቅድ ብናገር ቃሌን ማፍረስ ይሆንብኛል» አሏቸው የኔታ።

«እኔማ ልጄ ሄዳለች፤ ምን እፈራለሁ? አንቱ ኖት እንጂ የሚዋረዱት» አሉ ወይዘሮ እንዬ። ቀጥለውም «እኔ ነኝ ያሳሳትሁዎ» አሉ።

«ለመንሽኝ። የሳትሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እዚያው አዳራሽ ተነሥተሽ ያኔ እንዳልሽው ትያለሽ።»

«አህያውንም?»

«አህያውንም።»

ወይዘሮ እንዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ኖሯል። ቀጥሎ ግን አለቀሱ።

አስቸኳይ ጉባኤ እንዲጠራ የኔታ በጽሑፍ አመለከቱ። የአጀንዳውን ርእስ እሳቸው ናቸው የሰጡት፤ «የቃለ ጉባኤ ያዡን ጥፋት ስለ መመልከት»። አፈ ጉባኤው ቢለምኗቸውም ሊያለዝቡት እሺ አላሉም። የጉባኤው ዕለት ሰባቱም አባወራዎች ከነቤተሰቦቻቸው መጥተው በኋለኛው አግዳሚ ተቀመጡ።

የኔታ ሲነሡ አፈ ጉባኤው፣ «እርስዎ ሲናገሩ ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊዋ ትያዝልዎ» አሉ።

«ራሴ እይዛለሁ።»

እንዲህም አደረጉ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ጎንበስ ብለው ይጽፉታል፤ ቀና ብለው ሁለተኛውን ይናገራሉ። በዚያ ሸካራ ድምፃቸው፣ «በጉባኤ ፊት የተነገረ ቃል ከመዝገብ አስቀርቻለሁ» አሉ፤ ጻፉ። «ማንም አላዘዘኝም» አሉ፤ ጻፉ። «አንዲት እናትን ከችግር ላወጣ ብዬ ሰባት ቤት ያለ ምስክር አስቀርቻለሁ» አሉ፤ ይህንንም ጻፉ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲፍቀው ከኋላ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከንቲባው ጥያቄ አለኝ አሉ። «ስለዚህ የእርስዎ መዝገብ አይታመንም ማለት ነው?»

«በዚህ ገጽ አይታመንም።»

«በሌላውስ?»

«ስለ ሌላው እኔ ለራሴ ልመሰክር አልችልም።»

ይህ መልስ ጉዳት ነበረው። የቄራው ቦታ ውሳኔ ያልተስማማቸው አንድ አባል ወዲያው ተነሥተው «እንግዲያ የቄራውም ነገር እንደ ገና ይታይልኝ!» አሉ። ሌላውም የባጃጁን ተራ አነሡ። የስንት ዓመት መዝገብ በአንድ ቀን ሲናጋ አየሁ። የኔታ ቀና ሳይሉ ያንንም ይጽፉ ነበር።

ወይዘሮ እንዬ ተነሡ። «የቄራውን ተዉት፤ የኔን ስሙኝ» አሉ። ወደ ከንቲባው እያመለከቱ፣ «እርስዎን አይደለም፤ ያኛውን ነው» ካሉ በኋላ ያን ስድብ አንድ ቃል ሳይቀንሱ ደገሙት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከንቲባው አልሳቁም። «እሺ፣ ስድቡን ሰማን። ቃል ለመገባቱ ግን የሁለት ሰው ትዝታ ነው ያለን» አሉ።

አፈ ጉባኤው ያኔ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ አሉ። መጀመሪያ ማንም አላወጣም፤ ሁሉም ያኔ ሲነበብ ዝም ያለ ነውና። ከዚያ ያ አንቀላፍተው የነበሩት ሽማግሌ አወጡ፤ «ያን ቀን ነቅቼ ነበር» አሉ። አራት አባላት ተከተሏቸው። አንዱ አባልም ለቀድሞው ከንቲባ ስልክ መቱና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈቱት።

«ሄሎ፣ ጉባኤ ላይ ነን። ወይዘሮ እንዬ ያን ጊዜ…»

«አህያ ያሉኝን ነው?» አለ ስልኩ። ሳቅ ሆነ። «እስካሁን ትነበባለች እንዴ?»

«አልተጻፈችም።»

«እንዴ! እንግዲያ ቃሌም አልተጻፈማ! ምትክ ቦታ ሳይሰጥ አይነሡም ብያለሁ እኮ። የኔታ የሉም?» ኔትወርኩ እዚህ ላይ ተቋረጠ። ግን በቂ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። ምትክ ቦታ ሳይሰጥ ማንም እንዳይነሣ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ፤ ከንቲባው ተቃወሙ። የተቃወሙበትንም ምክንያት ግልጽ አድርገው ተናገሩ፤ ሥራው ከዘገየ ክረምቱ አይጠብቅም፤ ጎርፍ ቃለ ጉባኤ አያነብም። የኔታ ይህንንም በትክክል ጻፉት።

ከዚያ የራሳቸው ጉዳይ መጣ። ከቃለ ጉባኤ ያዥነት ተነሥተው መዝገብ ቤት እንዲመደቡ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም እንዲጻፍባቸው ሐሳብ ቀረበ። አፈ ጉባኤው እጅ መቁጠሩን ለእኔ ሊሰጡ ፈልገው አዩኝ፤ የኔታ ግን እንደ ወትሯቸው ቆመው ቆጠሩ። «ድጋፍ፣ ሁሉም ከአንድ በቀር። ተቃውሞ፣ አንድ፤ ወይዘሮ እንዬ።» ጽፈው አነበቡት። ከሆነው የቀረም የተጨመረም አልነበረም። ብዕሩን ክዳኑን ገጥመው አስቀመጡት፤ ለእኔ የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከሰባቱ ቤቶች አራቱ ከክረምት በፊት ከታችኛው ሜዳ ቦታ ተሰጣቸው። የሦስቱ ዘገየ፤ ከንቲባው እንዳሉትም ክረምቱ አልጠበቀም። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት ጎርፉ ወርዶ የሸማኔውን የጓዳ ግድግዳ ወሰደው። ሰው አልተጎዳም፤ መሸመኛውን ግን ጭቃ በላው። የኔታ ሱሪያቸውን ሰብስበው ዕቃ ሲያወጡ አየኋቸው። ሸማኔው አላመሰገናቸውም፤ አልወቀሳቸውምም። ከተማው ውስጥ ግን «በእሳቸው ምክንያት ነው የዘገየው» ያለ ሰው ነበር፤ «በእሳቸው ምክንያት ነው ሜዳ ላይ ያልወደቁት» ያለም ነበር። ሁለቱም የተሳሳቱ አይመስለኝም። ሦስቱ ቤቶች ቦታ ያገኙት ከመስቀል በኋላ ነው።

እሳቸው መዝገብ ቤት ገቡ፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ያዝሁ። ስለምጽፈው አንድም ቀን አስተያየት አልሰጡኝም። አንድ ጊዜ ግራ ቢገባኝ ወርጄ ጠየቅኋቸው፤ ሁለት አባላት አንድን ነገር በተለያየ መንገድ ነው ያልነው ይላሉ፣ የትኛውን ልያዝ? «እኔ አልነበርሁም። የሰማሽው አንቺ ነሽ» ብለው ወደ ፋይላቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ አዝኜባቸው ነበር። አሁን አላዝንም።

ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ቃለ ጉባኤ የያዙት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከንቲባው ከሹመታቸው እንዲነሡ ምክር ቤቱ የተሰበሰበ ዕለት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ገሚሱ እውነት፣ ገሚሱ የሰዎች መጠላለፍ። ከንቲባው የመጨረሻ ቃላቸውን እንዲሰጡ ሲጠየቁ ተነሡና አንድ ነገር ለመኑ።

«ቃሌን የኔታ ጥሩሰው ይያዙልኝ።»

አፈ ጉባኤው ግራ ገባቸው። «እሳቸውን ያስነሣናቸው እኮ እርስዎም ድምፅ ሰጥተው ነው።»

«ሰጥቻለሁ። የእሳቸውን ስህተት ግን አውቃታለሁ፤ የሌላውን አላውቅም» አሉ፤ ወደ እኔ ዞረውም «አንቺን ለመንካት አይደለም» አሉ።

አልተቀየምሁም። ራሴ ወርጄ ጠራኋቸው። የኔታ እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ቆልፈው መጡ፤ በቀድሞው ወንበር ተቀመጡ። ከንቲባው ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ስለ ሠሩት፣ ስላልሠሩት፣ ስለ ቦዩም። መጨረሻው ላይ ምሬት አሸነፋቸውና ወደ አፈ ጉባኤው እያዩ፣ «ከዚህ ወንበር ያስነሣኝ ሕዝብ አይደለም፤ የዚህ ሰው ምቀኝነት ነው» አሉ።

የኔታ ጽፈው ጨረሱና አነበቡላቸው። ያቺ ዐረፍተ ነገር ስትደርስ ከንቲባው ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔታ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ማውጣት ይቻላል?»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቻላል። ባለቤቱ ቃሉን መልሶ ይወስዳል። እንደ ወሰዱት ግን እጽፋለሁ።»

ከንቲባው ወደ አፈ ጉባኤው አዩ፤ ከዚያ ወደ መዝገቡ።

«እንግዲያ ወስጄዋለሁ፤ እንደ ወሰድሁትም ይጻፍ» አሉ።

የኔታ ጻፉትና መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞሩላቸው። ከንቲባው ቆመው ሁሉንም ከመጀመሪያው አነበቡ፤ ቸኩለው አልነበረም። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።